የሴሽን ሳክስፎን ተጫዋችነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ውስጥ በሳክስ እንጀራ ለመብላት የሚያስቡ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

የሴሽን ተጫዋች ማለት ምን ማለት ነው?

የአንድ ባንድ ቋሚ አባል ሳይሆን ለተወሰነ ሥራ ተጠርቶ፣ ተጫውቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ የሚሄድ ባለሙያ ነው። ሥራው የአንድ ነጠላ ዜማ መግቢያ ላይ ስምንት ባር (የዜማው የምት ክፍል) መንፋት ሊሆን ይችላል። የአንድ አልበም የሆርን (የሳክስ፣ የትራምፔትና የመሳሰሉት ነፊዎች) ክፍል በሙሉ ሊሆን ይችላል። የታመመ ጓደኛን ተክቶ ሰርግ ላይ መቆምም ሴሽን ነው።

ስምህ ፖስተር ላይ አይወጣም። በካሴቱ ዘመን ሮሃ ባንድ ከስንቱ ድምፃዊ ጀርባ እንደተጫወተ አስበው፤ አድማጩ የዘፋኙን ስም አሳምሮ ያውቃል፣ ሳክሱን የሚነፋው ፈቃዱ አምደመስቀል መሆኑን የሚያውቀው ግን ሙዚቀኛው ነበር። ስሙን የሚያውቁት ሙዚቀኞች ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ የሚደውሉት ናቸው። ሴሽን የሚሠራ ሰው ዝናው በሠላሳና በአርባ ሰው ስልክ ውስጥ ነው ያለው።

በአልቶ ልጀምር በቴነር?

በአልቶ ጀምር፤ ከቴነር አነስ ያለውና ድምፁ ቀጠን የሚለው ሳክስ ነው። ቀለል ይላል፣ ትንፋሹም ብዙ አይጠይቅም፣ ያገለገለ አልቶ ማግኘትም ከቴነር ይልቅ አይከብድም። ይሁንና የድሮውን የአዲስ አበባ ድምፅ የሚፈልግ አቀናባሪ ብዙ ጊዜ ቴነር ነው የሚጠይቅህ፤ ስለዚህ ውሎ አድሮ ሁለቱም ያስፈልጉሃል። ከሁሉም ቀጭን ድምፅ ያለው ሶፕራኖ ይቆይ፤ ድምፁን አስተካክሎ መያዝ ለጀማሪ ፈተና ነው።

ያገለገለ ስትገዛ ከሻጩ ፎቶ ተቀብለህ ገንዘብ አትላክ። አንድ የሚነፋ ሰው ይዘህ ሂድ፣ ከላይኛው ኖታ እስከ ዝቅተኛው ቢ ፍላት ድረስ ቀስ ብሎ ይንፋልህ። ታች ሲደርስ ድምፁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ጨርሶ ካልወጣ ፓዶቹ (ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት ለስላሳ ክዳኖች) አየር ያስወጣሉ ማለት ነው፤ የጥገናው ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

ሳክስ ብቻ ይበቃኛል ወይስ ፍሉትና ክላርኔትም ልማር?

ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሳክስ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ፍሉት ጨምር፤ የጣቶቹ አቀማመጥ ከሳክሱ ጋር ስለሚቀራረብ ጣትህ ቶሎ ይለምደዋል፣ የሚያስቸግረው ከንፈር ነው። ዋሽንት የሚመስል ቀለም የሚፈልግ አቀናባሪ ዋሽንት ተጫዋች ካላገኘ ፍሉት ይጠይቅሃል፤ ያኔ ሁለት ሥራ በአንድ ጉዞ ሠርተህ ትመለሳለህ።

ክላርኔት ሌላ ጣጣ ነው። ሳክስ ላይ የኦክታቩን ቁልፍ ስትጫን ያው ኖታ አንድ ኦክታቭ (እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ስም ያለው ኖታ) ከፍ ይላል። ክላርኔት ላይ ግን የመዝለያውን ቁልፍ ስትጫን በአንድ ኦክታቭና በአምስተኛ ነው የሚዘለው፣ ስለዚህ ላይና ታች ያለው የጣት አቀማመጥ የተለያየ ነው። የድሮዎቹ የመንግሥት ኦርኬስትራ ሰዎች ግን ሁለቱንም ይይዙ ነበር፤ አንጋፋው የሳክስ ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያ ራሳቸው ሳክስም ክላርኔትም ተጫውተዋል። ዛሬ ክላርኔት የሚጠይቅ ስቱዲዮ ጥቂት ነው፤ የሚነፋውም ጥቂት ስለሆነ የሚችለው ሰው ተፈላጊ ነው።

ሪዴ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ምን ላድርግ?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯም በበጋ ደረቅ ነው፤ ሪድ፣ ማለትም ማውዝፒሱ (አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፍ) ላይ የሚታሰረው ስስ ምላስ፣ ደግሞ ሸምበቆ ነው፣ ሸምበቆም ድርቀት አይወድም። ሦስት አራት ሪድ በየተራ ተጠቀም፣ ከተጫወትክ በኋላ ጠርገህ ጠፍጣፋ መያዣ ውስጥ አስቀምጥ። ጀማሪ ከሆንክ የጥንካሬ ቁጥሩ 2 ወይም 2 ተኩል የሆነ ሪድ ይበቃሃል። 3 ተኩል የሚነፋ ሰው አይተህ አትቅና፤ የማውዝፒሱ መክፈቻ ካንተ የተለየ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ልብስ ሳይሆን ሪድ አስመጣ።

ኖታ ሳላነብ መሥራት እችላለሁ?

ትችላለህ፤ እንዲያውም አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው የሴሽን ሥራ በጆሮ ነው የሚሠራው። አቀናባሪው በአፉ ያዜምልሃል ወይም በኪቦርድ ያሳይሃል፣ አንተ ትይዘዋለህ። ግን ኖታ የማያነብ ሰው የማያገኘው ሥራ አለ፤ የውጭ ፕሮጀክት፣ ትልቅ ኦርኬስትራ፣ የማስታወቂያ ሙዚቃ በተጻፈ ወረቀት ነው የሚመጣው። ወረቀቱ ላይ ዓይኑን ተክሎ ዝም የሚል ሰው ሁለተኛ አይጠራም።

በሌላ በኩል ኖታ ብቻ የሚያነብ፣ ወረቀቱ ሲነሳበት የሚጠፋበት ሰው ደግሞ ከዚያ የባሰ ይቸገራል።

ሴት ነኝ፤ ሳክስ ለትንፋሼ ይከብዳል ይሉኛል። እውነት ነው?

አይደለም። ትንፋሽ የአያያዝ ጉዳይ ነው፤ ትንሽ ደረት ይዞ ትልቅ ድምፅ የሚያወጣ ብዙ ሰው አለ። ክብደቱ አንገትሽን ካስቸገረሽ በትከሻ የሚታሰር ማንጠልጠያ ግዢ። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው፦ ሥራው ሌሊት ያልቃል። መመለሻ ትራንስፖርት ከክፍያው ጋር አብሮ እንዲካተት ከመጀመሪያው ተናገሪ፤ ይህን ስትጠይቂ ቅር የሚለው አሠሪ ሌላውም ነገሩ ቅር ያሰኛል።

ያሬድ ልግባ ወይስ የሚሠራ ሰው ልጠጋ?

ከተቻለ ሁለቱም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ንባብ፣ ሐርመኒ፣ የጆሮ ሥልጠናና ሥርዓት ይሰጥሃል። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት የሚማሩ ልጆች ጎን ለጎን መቀመጥህም ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሳክስ የሚማር ልጅ ማሲንቆ በሚቃኝበት ክፍል በር ላይ ቆሞ ቢያዳምጥ ከመጽሐፍ የማያገኘውን ያገኛል።

ትምህርት ቤቱ የማይሰጥህ የሥራውን ጠባይ ነው። ድሮ ይህን የሚያስተምሩት ባንዶቹ ራሳቸው ነበሩ። ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1949 ገና ልጅ ሳሉ በማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ፤ በ1955 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ፖሊስ ኦርኬስትራ። ክቡር ዘበኛም ምድር ጦርም እንዲሁ ነበሩ፤ ወጣቱ ከታላቁ ጎን ተቀምጦ ደመወዝ እየበላ ይማራል። ያ ወንበር ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ታላቅህን ራስህ ፈልገህ ማግኘት አለብህ።

አስተማሪ የሚሆነኝን ባለሙያ እንዴት ላግኝ? ምን ብዬ ልጠይቅ?

«አስተምሩኝ» ብለህ አትጀምር። በሳምንት የሚጫወቱበትን ቦታ እወቅ፣ ሄደህ ከፊት ሳይሆን ከጎን ተቀመጥ፣ ስልክህን አውጥተህ አትቅረጽ። ሁለት ሦስት ሳምንት ከታየህ በኋላ በዕረፍት ሰዓት ቀርበህ ሰላም በል፣ አንድ የተወሰነ ጥያቄ ጠይቅ። «ጋሼ፣ ሁለተኛው ዘፈን መግቢያ ላይ ያቺን ኖታ ዝቅ የሚያደርጓት በከንፈር ነው በጣት?» የሚል ልጅ ማዳመጡ ያስታውቃል። «ጎበዝ ለመሆን ምን ላድርግ?» ለሚል ልጅ የሚሰጠው መልስ «ተለማመድ» ብቻ ነው፤ ልክም ነው።

ክፍያን በተመለከተ፣ በሰዓት የሚያስተምሩ አሉ፣ ዋጋቸውን ጠይቀህ ትከፍላለህ። ገንዘብ አልቀበልም የሚሉ አንጋፋዎችም አሉ፤ እነሱ ዘንድ ባዶ እጅህን አትሂድ፣ ዕቃ ተሸከም፣ የጠፋ ሪድ ፈልገህ አምጣ፣ የተባለውን ለሚቀጥለው ጊዜ ሠርተህ ተገኝ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ባለፈው ሳምንት የተነገረውን ሳይሠራ የሚመጣ ልጅ በሦስተኛው ቀን «ዛሬ አይመቸኝም» ይባላል፣ ከዚያ በኋላ አይመችም።

አጠገባቸው ስቀመጥ በትክክል የምማረው ምንድን ነው?

ከሞላ ጎደል የምትማረው መቼ እንደማይነፋ ነው። ድምፃዊው ግጥሙን ሲናገር ሳክሱ ከአፍ ላይ ይወርዳል፤ ስንኙ ሲያልቅ በክፍተቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ኖታ ይመልሳል፣ ድምፃዊው ሳይመለስ በፊት ይወጣል። ይህ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ታላቅህ የዘፋኙን ትከሻ እያየ ትንፋሽ መቼ እንደሚወስድ ሲያውቅ አጠገቡ ቆመህ ካላየህ ግን አይገባህም።

ሁለተኛው ነገር ዜማ ከየት እንደሚቀዳ ነው። ሽለላን ወደ ሳክስ ያመጡት ጌታቸው መኩሪያ ከሳክስ ተጫዋች አልቀዱትም፤ ክራርና ማሲንቆ ሞካክረው ያደጉ ሰው ናቸው፣ የሸላዩን ድምፅ፣ የትንፋሹን መቆራረጥ፣ የቁጣውን መንቀጥቀጥ ነው ወደ መሣሪያው ያዞሩት። እ.ኤ.አ. በ1972 በፊሊፕስ የታተመውን ቅጂያቸውን ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ሲሰሙ የአሜሪካን ፍሪ ጃዝ የመሰላቸው አሉ። መነሻው ፉከራ ነው። ስለዚህ ጥሩ አስተማሪ «ሶሎዬን ቅዳ» አይልህም፤ ዘፋኙን በሳክስ አዚመው ይልሃል፣ ከነማቃሰቱ፣ ከነመጎተቱ፤ ግጥሙ በሳክስህ እስኪሰማ ድረስ። አንድ አዝማሪ ዜማ በዚህ መንገድ መጨረስ ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ልጆችም ይሰለቻሉ። የሰለቸው ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ ጥቃቅኑን። ከሥራ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ መድረስ፤ ሳክሱ በብርድ ጊዜ ዝቅ፣ ሲሞቅ ከፍ ስለሚል ነፍቶ ካሞቁ በኋላ መቃኘት፤ የሌላውን ቅንብር አቀናባሪው ፊት አለመተቸት።

ቅኝቶቹን በሳክስ ለመጫወት ምን ያህል ልለማመድ? ለምንስ የኔ «ፈረንጅ» ይመስላል?

አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬን፣ በአሥራ ሁለቱም ኪይ (መነሻ ኖታ) መያዝ ግዴታ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ አልቶ በኢ ፍላት፣ ቴነር በቢ ፍላት የተቃኙ ናቸው፤ ማለትም ሲ ስትነፋ በፒያኖው ኢ ፍላት ወይም ቢ ፍላት ነው የሚሰማው። ጊታሪስቱ «ኢ ነው» ሲልህ አልቶ የያዝክ ሲ ሻርፕ ላይ፣ ቴነር የያዝክ ኤፍ ሻርፕ ላይ ነው የምትቆመው። ድምፃዊው ደግሞ «ዛሬ ጉሮሮዬ አልተመቸኝም፣ ግማሽ ድምፅ አውርዱልኝ» ይላል። ኪቦርዱ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይወርዳል፤ አንተ በጣትህ ነው የምትወርደው።

ኖታዎቹ ቀላል ናቸው፣ አምስት ብቻ። የሚያስቸግረው ማረፊያው ነው። ከሲ የሚነሳውን የትዝታ ማይነር ውሰድ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። እነዚሁኑ አምስት ኖታዎች ጂ ላይ አስነስተህ ጂ ላይ ካሳረፍካቸው አምባሰል ሆነ። ጣትህ አልተለወጠም፤ ቤትህ ግን ተለወጠ። ስኬል ብቻ የተለማመደ ልጅ አምባሰል ላይ ሳለ ሳያስበው ሲ ላይ ያርፋል፣ አድማጩም «ምን ነካው?» ይላል። አንቺሆዬ ደግሞ ከአምባሰል በሁለት ኖታ ይለያል፦ ከሲ ሲነሳ አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው፤ አንቺሆዬ ላይ ጂ ወደ ጂ ፍላት ይወርዳል፣ ኤ ፍላት ወደ ኤ ይወጣል። በእነዚህ ሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ እርምጃ ነው ያንን ሆድ የሚያባባ ድምፅ የሚሰጠው፤ አቋራጭ ኖታ ጣል አድርገህ ከሞላኸው ሞተ።

«ፈረንጅ» የሚመስለው ግን ብዙ ጊዜ በኖታ ምርጫ አይደለም። ሁሉንም ኖታ በምላስ እየመታህ፣ እኩል እኩል እያደረግህ፣ ፒያኖው ባለበት ቁመት ላይ እያስቀመጥክ ስለምትነፋው ነው። ማሲንቆ ተጫዋች በጣቱ ሸርተት ብሎ ነው ኖታው ላይ የሚደርሰው፣ ደርሶም ያወዛውዘዋል። በሳክስ ይህን የሚሠራው መንጋጋህና ጉሮሮህ ነው። አንድ ኖታ ይዘህ በከንፈር ብቻ ግማሽ ድምፅ ማውረድና መመለስን በየቀኑ ሥራ፤ ጎረቤት ይታገሥህ።

ስቱዲዮ ስጠራ ምን ይጠበቅብኛል?

ቀድመህ ዘፈኑንና ኪዩን በቴሌግራም ጠይቅ። ስትገባ የጆሮ ማዳመጫውን በአንድ ጆሮህ ብቻ አድርግ፣ ሌላው የራስህን ድምፅ ይስማ፤ አለዚያ ቃናህ ይሸሻል። ሳክስ ድምፁ ከአፉ ብቻ አይወጣም፣ ከጎን ቀዳዳዎቹም ይወጣል፤ ስለዚህ ማይኩ አፉ ውስጥ ከተሰነቀረ ባለሙያውን በትሕትና ሠላሳ አርባ ሳንቲ ሜትር እንዲያርቀው፣ ወደ መካከለኛዎቹ ቁልፎች እንዲያዞረው ጠይቅ። ካልፈለገ ተወው፤ ስቱዲዮው የሱ ነው።

ብዙ ጊዜ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ድምፅ ራስህ ደርበህ ትነፋለህ፤ ሦስት ሰው ለመጥራት በጀት የለማ። እዚህ ላይ ጀማሪና ባለሙያ የሚለዩት በኖታው መጨረሻ ነው። አነሳሱን ሁሉም ያገጣጥማል፤ ረጅሙ ኖታ የት ላይ እንደሚቆረጥ ግን ከመጀመሪያው ቅጂ ጀምሮ ወስነህ ካልያዝክ ሦስቱ ድምፆች ጭራቸው ይበታተናል። ሲደረብ ደግሞ ማወዛወዝ ቀንስ።

«ሶሎ ጣል አድርግ» ሲባል ሁለት አማራጭ ስጥ፣ አንድ ዜማውን ተጠግቶ የሚሄድ፣ አንድ ነፃ የወጣ። አምስተኛ አማራጭ ልስጥ አትበል። አቀናባሪው ከሁለቱ የማትወደውን ሲመርጥ ፊትህን አታጥቁር።

ኪቦርዱ የሳክስ ድምፅ አለው፣ አሁን ደግሞ ኤአይ መጣ። ሥራው አላለቀም ወይ?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሥራ ቆላልፎት ሳለ ኪቦርድ መጣና ብዙ ባንድ የሆርን ክፍሉን ቀነሰ። ያኔ ብዙ ሰው መሣሪያውን ሰቅሏል። ግን የዚያ ዘመን የኪቦርድ «ሳክስ» ዛሬ ሲሰማ ማንንም አያታልልም፤ ቀድሞ የተነፋው ይፈለጋል፣ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹና የ70ዎቹ የአዲስ አበባ ሆርን ድምፅ በዓለም ዙሪያ አድማጭ አለው።

የሚያልቀው ሥራ ርካሹ ነው፦ ከጀርባ ረጅም ኖታ መያዝ፣ ለማስታወቂያ ሁለት ባር። የሚቀረው መድረክ፣ ሰርግና ሰው የሚፈልገው ዜማ ነው። ገቢውም ወቅት አለው። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ነው፤ ዐቢይ ጾም ላይ ይቀዘቅዛል፤ ከእንቁጣጣሽ በፊት ስቱዲዮው ይሞቃል። የመዝሙር ሥራ በጾሙም አለ። የጥሩን ገንዘብ በጥር የበላ ሰው መጋቢት ላይ ይበደራል።

ስንት ልጠይቅ? የተቀዳው ሳክስ ላይስ መብት አለኝ?

ዋጋው በዘፈን ነው፣ በሰዓት ነው ወይስ በአልበም የሚለውን ከመንፋትህ በፊት ተነጋገር፤ የማታውቀው ሰው ከሆነ ቀብድ ተቀበል። ታላቅህን «ለእንዲህ ያለ ሥራ ምን ይባላል?» ብለህ ብትጠይቅ ነውር የለውም፤ ከገበያው በታች የሚሠራ ልጅ የሁሉንም ዋጋ ያወርዳልና እነሱም መንገር ይፈልጋሉ።

መብትን በተመለከተ አገራችን ሕግ አላት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኝን፣ ማለትም ሥራውን ተጫውቶ የሚያቀርበውን ሰው፣ መብት ያውቃል፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ሳክስ የነፋ ሰው ከዋኝ ነው። በተግባር ግን አብዛኛው ሰው አንድ ጊዜ ተከፍሎት መብቱን በዝምታ ትቶ ይሄዳል። ቢያንስ አንድ ገጽ ወረቀት ይኑርህ፦ ምን እንደነፋህ፣ ስንት እንደተከፈለህ፣ ስምህ ይጻፍ አይጻፍ። ዜማውን ወይም መግቢያውን አንተ ከፈጠርከው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ የደራሲነት ጥያቄ ስለሚነሳ ዘፈኑ ሳይወጣ በፊት ተነጋገር። ከወጣና ከታወቀ በኋላ የሚነሳ ክርክር ወዳጅነት ያፈርሳል።

መምህሬ ተክቼያቸው እንድሠራ ላኩኝ፤ አሠሪው በሚቀጥለው ጊዜ በቀጥታ ለኔ ደወለ። ምን ላድርግ?

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀው ጥያቄ ይህ ነው፣ ሲጠይቁኝም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። በሙያው ያለው ያልተጻፈ ሕግ ግልጽ ነው፦ ተክተህ የሄድክበት ቦታ ያንተ አይደለም። መልሱ «በጣም አመሰግናለሁ፣ ለጋሼ ልንገራቸውና እደውላለሁ» ነው። ከዚያ በእውነት ትደውላለህ። አብዛኞቹ «ሂድ ሥራው፣ እኔ አልደርስም» ይሉሃል፣ አንዳንዶቹም ያን ቀን ነው ያንተን ስም ለሌላ መስጠት የሚጀምሩት።

አሠሪው «እሳቸውን አልፈልግም፣ አንተን ነው የምፈልገው» ካለስ? ይህም ያጋጥማል፤ ሰው ያረጃል፣ ጥርስ ይወልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ያኔም ቢሆን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ካንተ ቢሰሙ ይሻላል። የአሠሪውን ቃል እንዳለ አትውሰድላቸው፤ «እኔን ጠርተውኛል፣ ምን ይላሉ?» በቂ ነው፣ የቀረውን ራሳቸው ያውቁታል። ቅር ቢላቸው ለተወሰነ ጊዜ አይደውሉልህም። በበዓል ሄደህ ጠይቃቸው፤ ሁለት ሆርን የሚጠይቅ ሥራ ስታገኝ ደግሞ መጀመሪያ ለእሳቸው ደውል፣ አንደኛውን ድምፅ ስጣቸው፣ አንተ ሁለተኛውን ንፋ።